የጥገና መርሐ ግብር በሶፍትዌር፦ ከቀኑ በፊት ዝርዝሩ

ብዙ መሥሪያ ቤት የጥገና ሶፍትዌር ሲያስገባ ቅድሚያ የሚሞላው ቀን ነው። ይህ ማሽን በየወሩ፣ ያኛው በየሦስት ወሩ ተብሎ ይመዘገባል፤ ሶፍትዌሩም ቀኑን ጠብቆ የሥራ ትዕዛዝ ያወጣል። ቴክኒሻኑ ትዕዛዙን ሲከፍት ግን የሚያገኘው «ጄኔሬተሩን ሰርቪስ ማድረግ» የሚል አንድ መስመር ነው። ምን ይፈታ? ምን ይለካ? የትኛው ፊልትሮ ይቀየር? ስንት ሊትር ዘይት ይግባ? መልሱን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ አንድ አንጋፋ መካኒክ ነው፤ እሱ የዓመት ፈቃድ በወጣ ሳምንት ሥራው በግምት ይሠራል።

የቅድመ ብልሽት ጥገና ማለት ማሽኑ ሳይቆም፣ ታስቦበትና በጊዜው የሚሠራ ጥገና ነው። ሶፍትዌር ይህን ሥራ በእጅጉ ያቀላል። ይሁንና ጥቅሙ የሚወሰነው ቀን በማስታወሱ ሳይሆን በውስጡ በተጻፈው የሥራ ዝርዝር ነው። ሁለቱን፣ ማለትም ዝርዝሩንና መርሐ ግብሩን፣ እንዴት ማሰናዳት እንደሚቻል በአንድ ምሳሌ እንመልከት። ምሳሌያችን የሆስፒታል መጠባበቂያ ጄኔሬተር ነው፤ መብራት ሲጠፋ በቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ ያለው ሕመምተኛ ሕይወት የተንጠለጠለው በእሱ ላይ ነውና።

አራቱ መዝገቦች

የጥገና ሶፍትዌሮች፣ ማክሲሞም ሆነ ኤስ ኤ ፒ፣ በነጻ የሚገኘው ኦፕንሜይንትም ቢሆን፣ የሚጠቀሙበት ስያሜ ቢለያይም በመሠረቱ በአራት መዝገቦች ይሠራሉ።

የመጀመሪያው የንብረት መዝገብ ነው፤ ማሽኑ ምን እንደሆነ፣ የት እንዳለ፣ ሞዴሉንና የመለያ ቁጥሩን ይይዛል። ሁለተኛው ባለሙያዎች ጆብ ፕላን የሚሉት የሥራ ዝርዝር ነው፤ ሥራው በምን ቅደም ተከተል፣ በማን፣ በየትኛው መለዋወጫ እንደሚሠራ ይናገራል። ሦስተኛው መርሐ ግብሩ ሲሆን «መቼ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል። አራተኛው የሥራ ትዕዛዝ ነው፤ ቀኑ ሲደርስ ከሦስቱ ተውጣጥቶ ለቴክኒሻኑ የሚደርሰው እሱ ነው።

ዝርዝሩና መርሐ ግብሩ ተለያይተው መቀመጣቸው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ዓይነት አምስት ጄኔሬተር ያለው ድርጅት አንድ ዝርዝር ጽፎ ለአምስቱም ይጠቀማል። ዝርዝሩ ላይ ስህተት ሲገኝ አንድ ቦታ ይታረማል፤ ከዚያ በኋላ የሚወጡት ትዕዛዞች ሁሉ የታረመውን ይዘው ይወጣሉ።

በየትኛው ማሽን እንጀምር?

በግቢው ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለማስገባት የሚነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ መሀል ላይ ይደክማል። የሚሻለው እያንዳንዱን ማሽን «ይህ ቢቆም ምን ይደርሳል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ሰው የሚጎዳ፣ ዋናውን ሥራ የሚያቆም፣ መለዋወጫው ከውጭ እስኪመጣ ወራት የሚያስጠብቅ ከሆነ ከመጀመሪያዎቹ ተርታ ይገባል። ቢበላሽ በአንድ ቀን በርካሽ የሚተካ የጠረጴዛ ማራገቢያ ግን እስኪበላሽ ቢጠበቅ ኪሳራ የለውም። በአሥር ማሽን ጀምሮ በደንብ የያዘ ድርጅት፣ በሦስት መቶ ማሽን ጀምሮ ካቋረጠው ይበልጣል።

ጥሩ የሥራ ዝርዝር ምን ይመስላል?

«ባትሪውን ማየት» የሚል መስመር በብዙ ዝርዝር ውስጥ አለ። ቴክኒሻኑ ባትሪውን አይቶ ምልክት ያደርግና ያልፋል፤ ባትሪው ግን በዓይን አይመረመርም። ጄኔሬተር አልነሳ ሲል ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ባትሪው ነው። መስመሩ እንዲህ ቢጻፍ ነገሩ ይለወጣል፦ «ቻርጀሩን አጥፍቶ ባትሪውን ካሳረፉ በኋላ ቮልቴጁን ለክቶ መመዝገብ፤ ባለ 12 ቮልቱ ባትሪ ከ12.4 በታች ካሳየ ቻርጅ አድርጎ እንደገና መለካት፤ ካልያዘ የመቀየሪያ ትዕዛዝ መክፈት።» አሁን የሚለካ ነገር፣ የሚጻፍ ቁጥርና ቁጥሩ ሲያንስ የሚወሰድ እርምጃ አለ። ባትሪውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነካው ቴክኒሻንም ሥራውን በትክክል ይሠራዋል።

ጄኔሬተሩ 250 ሰዓት በሠራ ቁጥር የሚደረገው ሰርቪስ ዝርዝር በአጭሩ ይህን ሊመስል ይችላል፦

1. ሰዓት ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥርና የባትሪውን ቮልቴጅ መመዝገብ።
2. መቆጣጠሪያውን ከ«አውቶ» ወደ «ኦፍ» ማዞር፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ መፍታት፣ ማስጠንቀቂያ መስቀል።
3. ዘይቱን ማፍሰስ፣ የዘይትና የናፍጣ ፊልትሮ መቀየር፣ በአምራቹ መመሪያ የተጠቀሰውን ዓይነትና መጠን አዲስ ዘይት መሙላት።
4. የአየር ፊልትሮውን፣ የቺንጋውን ውጥረትና ስንጥቅ፣ የራዲያተሩን ውኃ መፈተሽ።
5. ገመዱን መልሶ ማሰር፣ ማስነሳት፣ ለ30 ደቂቃ ጭነት ላይ ማስኬድ፤ የዘይት ግፊቱን፣ የውኃውን ሙቀትና ቮልቴጁን መመዝገብ።
6. መቆጣጠሪያውን ወደ «አውቶ» መመለስ፤ መመለሱን ሁለተኛ ሰው አይቶ መፈረም።

ሁለተኛውና ስድስተኛው ነጥብ ለምን እንደገቡ ማስተዋል ይገባል። ይህ ዓይነቱ ጄኔሬተር መብራት ሲጠፋ ሰው ሳይነካው ይነሳል። መካኒኩ እጁን ቺንጋው አጠገብ አድርጎ ሳለ መብራት ቢቋረጥ ጄኔሬተሩ ተነስቶ ጣት ሊቆርጥ ይችላል። በሌላ በኩል ሰርቪሱ አልቆ መቆጣጠሪያው «ኦፍ» ላይ ከተረሳ፣ አዲስ ዘይትና አዲስ ፊልትሮ ያለው ጄኔሬተር በሚፈለግበት ሌሊት ጸጥ ብሎ ይቆማል። ጥገናው ራሱ የብልሽት ምክንያት ሆነ ማለት ነው።

ከቅደም ተከተሉ ጋር የመለዋወጫዎቹ መለያ ቁጥርና ብዛት፣ የሚያስፈልጉ መሣሪያዎች፣ የባለሙያው ዓይነትና ሥራው የሚወስደው ሰዓት ይመዘገባል። ይህ ሲደረግ ሶፍትዌሩ የመጪዎቹን ስድስት ወራት የፊልትሮና የዘይት ፍላጎት ደምሮ ለግዥ ክፍል ማሳየት ይችላል። ዕቃ ከውጭ በሚመጣበት አገር ይህ አንዱ መረጃ ብቻ የሶፍትዌሩን ድካም ይክሳል።

መቼ ይሠራ?

መርሐ ግብር በቀን፣ በቆጣሪ ወይም በሁለቱም ሊቆጠር ይችላል። ለጄኔሬተር የሚሻለው ሁለቱም ነው፦ «250 ሰዓት ሲሞላ ወይም ዓመት ሲሆን፣ ቀድሞ በደረሰው።» በቀን በአማካይ አራት ሰዓት የሚሠራ ጄኔሬተር 250 ሰዓቱን በሁለት ወር ገደማ ይሞላል። መብራት እምብዛም በማይጠፋበት አካባቢ ያለው ደግሞ በዓመት 60 ሰዓት ላይሠራ ይችላል፤ ዘይቱ ግን ተቀምጦም ይበላሻል። ትክክለኛው የሰዓት ቁጥር እንደ ሞተሩ ዓይነት ስለሚለያይ መነሻው የአምራቹ መመሪያ ይሁን፤ አቧራ በሚበዛበት ቦታ የአየር ፊልትሮው ፍተሻ ይጠጋጋ። የቆጣሪው ንባብ በየሳምንቱ ካልገባ ሶፍትዌሩ የሚቆጥረው ነገር እንደሌለውም መዘንጋት የለበትም።

ቀጥሎ የሚመጣው ምርጫ ቀጣዩ ቀን ከየት ይቆጠር የሚለው ነው። መስከረም 1 መሠራት የነበረበት ወርኃዊ ሥራ ዘግይቶ መስከረም 20 ተሠራ እንበል። መርሐ ግብሩ ቋሚ ከሆነ ቀጣዩ ጥቅምት 1፣ ማለትም በ11ኛው ቀን ይመጣል። ከተሠራበት ቀን የሚቆጠር ከሆነ ጥቅምት 20 ይሆናል። ዘይት መቀየርን ለመሰሉ ሥራዎች የሚስማማው ሁለተኛው ነው፤ በ11 ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ዘይት መቀየር ገንዘብ ማፍሰስ ነውና። በሕግ ወይም በውል ቀኑ ለተቆረጠ ምርመራ ግን ቋሚው ይመረጣል።

የ250፣ የ500 እና የ1,000 ሰዓት ሰርቪሶችም በተናጠል መርሐ ግብር አይያዙ። እንዲያ ከሆነ ማሽኑ 1,000 ሰዓት ሲሞላ ሦስት ትዕዛዝ በአንድ ቀን ይወጣል። አንድ መርሐ ግብር በየ250 ሰዓቱ ይሂድ፤ ዝርዝሮቹ በተራ ይግቡ፦ በ250 ትንሹ፣ በ500 መካከለኛው፣ በ750 እንደገና ትንሹ፣ በ1,000 ትልቁ። ትልቁ ዝርዝር የትንሾቹን ሥራ በውስጡ ይይዛል። ማክሲሞን የመሰሉ ሶፍትዌሮች ይህ ቅደም ተከተል የሚገባበት ቦታ አላቸው።

ለእኛ አገር ተጠቃሚ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። ሶፍትዌሮቹ የሚቆጥሩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ብዙ መሥሪያ ቤት ግን የሚያቅደው ከሐምሌ 1 በሚጀምረው በጀት ዓመት ነው፤ ጳጉሜንም አለ። ግራ መጋባቱን የሚቀንሰው «በየወሩ» ከማለት ይልቅ በቀን ቁጥር ማስገባት ነው። 28 ቀን ወይም 91 ቀን ቢባል ደግሞ በሰባት የሚካፈሉ ስለሆኑ በቋሚ መርሐ ግብር ሥራው ሁልጊዜ በአንድ የሥራ ቀን ላይ ይውላል፤ እሑድ ላይ አያርፍም።

ሁሉም መርሐ ግብር በአንድ ቀን እንዲጀምር ማድረግም የተለመደ ችግር ነው። የመጀመሪያው ሰኞ ስልሳ ትዕዛዝ ይዞ ይመጣል፤ ቴክኒሻኖቹም ከመጀመሪያው ቀን ተስፋ ይቆርጣሉ። መነሻ ቀኖቹ በሳምንታት ይከፋፈሉ፤ የየሳምንቱ የሥራ ሰዓት ድምርም ካለው የሰው ኃይል ጋር ይመዛዘን። በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠሩ ሦስት ቴክኒሻኖች 120 ሰዓት አላቸው፤ ግማሹ ድንገተኛ ብልሽት የሚወስደው ከሆነ ለመርሐ ግብሩ የሚቀረው 60 ነው። ትዕዛዙም ከቀኑ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ይውጣ፤ መጋዘኑ ዕቃውን የሚያዘጋጅበት ጊዜ ያገኛል።

ከሥራው በኋላ

ጥገና ተሠራ ማለት ሁልጊዜ ማሽኑ ተሻለው ማለት አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲ. ኤች. ዋዲንግተን የተባሉት ሳይንቲስትና ባልደረቦቻቸው በብሪታንያ አየር ኃይል የባሕር ጠረፍ ዕዝ የአውሮፕላኖችን የብልሽት መዝገብ መርምረው ነበር። ብልሽት የበዛው በየ50 ሰዓቱ ከሚደረገው ምርመራ በኋላ ወዲያው ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1978 ደግሞ የዩናይትድ አየር መንገድ ባልደረቦቹ ናውላንና ሂፕ ባወጡት ጥናት፣ ከተመረመሩት የአውሮፕላን ክፍሎች ከዕድሜ ጋር የሚያያዝ የማርጀት ጠባይ ያሳዩት 11 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ደጋግሞ መፍታት ማሽንን አያድንም፤ አስፈላጊው ሥራ በትክክለኛው ጊዜ ሲሠራ ነው የሚያድነው።

የትኛው ሥራ መቼ እንደሚያስፈልግ ማወቅ የሚቻለው ትዕዛዙ ሲዘጋ የተለካው ቁጥር፣ የተገኘው ጉድለትና የፈጀው ሰዓት በእውነት ሲመዘገብ ነው። በተከታታይ ፍተሻ ምንም ያልተገኘበት ነጥብ በአምራቹ መመሪያ ገደብ ውስጥ ይራራቅ፤ በሁለት ሰርቪስ መካከል የሚበላሽ ክፍል ካለ ይጠጋጋ ወይም ዝርዝሩ ይታይ። ሪፖርቱ «መቶ በመቶ ተሠርቷል» ቢልም የባትሪው ንባብ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ወይም ትዕዛዞቹ ሁሉ በወሩ መጨረሻ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከተዘጉ፣ የተሠራው ወረቀቱ እንጂ ጄኔሬተሩ አይደለም። እንዲህ ሲገኝ ቴክኒሻኑን ከመቆጣት በፊት ጊዜ፣ መለዋወጫና መለኪያ ተሰጥቶት እንደነበር ኃላፊው ራሱን ይጠይቅ።

መጀመር ለሚፈልግ መንገዱ አጭር ነው። እጅግ የሚፈለገውን አንድ ማሽን ይምረጥ፤ መመሪያውን ይዞ ከአንጋፋው መካኒክ ጋር ማሽኑ አጠገብ ቆሞ ዝርዝሩን ይጻፍ። ከዚያ ዝርዝሩን ያልጻፈ ሌላ ቴክኒሻን ብቻውን ይሥራበት። የቆመበትና የጠየቀበት ቦታ ሁሉ መታረም ያለበት መስመር ነው። ያ ሰው ሳይጠይቅ ከጨረሰ፣ ያን ጊዜ ቀኑን ሶፍትዌሩ ላይ ማስገባት ይቻላል።