ድንበር ተሻግሮ ለአንድ ቀን ሽርሽር፤ ልጆቹ ሲዝናኑ እናቲቱስ?

ልጆችን ይዞ ለሽርሽር መውጣት ለአባት የዕረፍት ቀን፣ ለእናት ግን ብዙውን ጊዜ ቦታው የተለወጠ የሥራ ቀን መሆኑን እናንተ እናቶች ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። ሽርሽሩ ድንበር የሚያሻግር ሲሆን ደግሞ ሥራው እጥፍ ይሆናል። ለዛሬ የምናወጋችሁ፣ በአንድ ቀን ሌላ አገር ደርሰው ስለሚመለሱት የሲንጋፖር እናቶች ነው።

ሲንጋፖር ከማሌዥያ የምትለየው በጠባብ የባሕር ሰርጥ ነው። በሰርጡ ላይ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም መንገድ በ1924 ተመረቀ፤ በ1998 ደግሞ በምዕራብ በኩል ሁለተኛ ድልድይ ተከፈተ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሁለቱ አገሮች ከ1963 እስከ 1965 አንድ ፌዴሬሽን ነበሩ፤ ገንዘባቸውም እስከ 1973 ድረስ አንድ ለአንድ ይመነዘር ነበር። በቅርብ ዓመታት ግን አንዱ የሲንጋፖር ዶላር ከሦስት የማሌዥያ ሪንጊት በላይ ስለሚያወጣ፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር የሲንጋፖር ቤተሰብ አስቤዛውን ለመሸመትና ምሳውን ለመብላት ወደ ማዶ ይጎርፋል። ሌጎላንድ የተባለው የልጆች መዝናኛ በመስከረም 2012 በጆሆር ግዛት ሲከፈት ደግሞ ልጆችም የራሳቸው ምክንያት አገኙ።

ሌጎ የዴንማርክ ሰዎች የሚሠሩት፣ እርስ በርሱ እየተጋጠመ የሚቆም የፕላስቲክ ጡብ መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። የመጀመሪያው ሌጎላንድ በቢሉንድ ከተማ በ1968 ተከፈተ፤ የጆሆሩ በእስያ የመጀመሪያው ነው። በግቢው ውስጥ የእስያ ታላላቅ ሕንፃዎች በእነዚህ ጡቦች ሃያ እጥፍ አንሰው ተሠርተዋል። ልጆቹን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደስታቸው ግን የመኪና መንዳት ትምህርት ቤቱ ሳይሆን አይቀርም። ከ6 እስከ 13 ዓመት ያሉት በትንንሽ የኤሌክትሪክ መኪናዎች መብራት እየጠበቁ፣ ተራ እየሰጡ ይነዳሉ፤ ከ3 እስከ 5 ዓመት ላሉት ደግሞ ለብቻው የተከለለ ቦታ አለ። በአንዳንዱ መጫወቻ ቁመት ስለሚለካ፣ ታላቅየው ሲገባ ታናሽየው በር ላይ ቀርቶ የሚያለቅስበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ልጆቹን ቤት ሳሉ ለክታችሁ፣ የማይፈቀደውን አስቀድማችሁ ብትነግሯቸው ለቅሶው ይቀንሳል።

የእናቲቱ ሥራ የሚጀምረው ግን ከዋዜማው ነው። ማሌዥያ ለመግባት ፓስፖርቱ ቢያንስ ስድስት ወር ቀሪ ጊዜ ሊኖረው ይገባል፤ ሕፃንም ቢሆን የራሱን መያዝ አለበት። የአንዱ ልጅ ፓስፖርት ጊዜው ካለፈ የሁሉም ሽርሽር ቀረ ማለት ነው። አባትየውም ቢሆን አንድ ግዴታ አለበት፤ በሲንጋፖር ሕግ በአገሩ የተመዘገበ መኪና ከድንበር ሲወጣ ነዳጁ ከሦስት አራተኛ በታች መሆን የለበትም። ማዶ ያለው ርካሽ ነዳጅ ሰውን እንዳያማልል የወጣ ደንብ ነው።

ከዚያ ሰልፉ ይመጣል። ትምህርት ቤት በሚዘጋባቸው በሰኔና በታኅሣሥ ወራት ድንበሩ ላይ ሰዓታት ሊያስቆም ይችላል። ሽንት የመጣበትን ልጅ፣ ወተት የሚጠባውን ሕፃንና የተጨናነቀውን መኪና አስቡት! ከመጋቢት 2024 ወዲህ በሲንጋፖር በኩል ፓስፖርት እየተሰበሰበ መሰጠቱ ቀርቶ በስልክ ምልክት ማሳየት መቻሉ ጥቂት አቃልሎላቸዋል። ያም ሆኖ ጎህ ሳይቀድ የተነሣ ቤተሰብ ረፋድ ላይ ከሚወጣው ይሻለዋል። ቦታው ለምድር ወገብ እጅግ የቀረበ በመሆኑም ቀትር ላይ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ያልፋል፤ ከሰዓት በኋላ መብረቅ ያለበት ዝናብ ሲጥል ከቤት ውጪ ያሉት መጫወቻዎች ይቆማሉ። ውሃ፣ ባርኔጣና ቅያሪ ልብስ የሌለው ቤተሰብ የቀኑን ደስታ ግማሽ ያጣል።

ቦርሳውን ሁሉ የሚሸከመውስ ማን ነው? በብዙ የሲንጋፖር ቤቶች ከኢንዶኔዥያ ወይም ከፊሊፒንስ የመጣች የቤት ሠራተኛ አለች፤ በጉዞውም ሕፃኑን አዝላ የምትከተለው እሷ ነች። ሽርሽሩ እሑድ ከዋለ፣ የዕረፍት ቀኗ ነውና፣ ለእሷ ሽርሽር ሳይሆን ሥራ ነው። የሲንጋፖር ሕግ በ2013 ለቤት ሠራተኞች በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ሰጠ፤ ነገር ግን ቀኑን በገንዘብ መለወጥ ይፈቅድ ነበር። ከ2023 መግቢያ ወዲህ ቢያንስ በወር አንዱ ቀን በገንዘብ የማይተካ እውነተኛ ዕረፍት እንዲሆን ተደንግጓል። እህት ልጆቻችን በዓረብ አገሮች በሰው ቤት ለሚሠሩባቸው ለእኛ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ለሠራተኛዋ በዚያን ዕለት የምሳ ሰዓትና የምትቀመጥበት ጥላ ቢሰጣት የማንንም ደስታ አይቀንስም።

ይህ ሁሉ ድካም እንኳ የተናፈቀበት ጊዜ ነበር። በመጋቢት 2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ድንበሩ ሲዘጋ፣ ማዶ ቤታቸውን ትተው ሲንጋፖር ውስጥ የሚሠሩ ብዙ ማሌዥያውያን እናቶችና አባቶች ከልጆቻቸው ተለያዩ። በየቀኑ እየተመላለሱ ልጃቸውን ራት ያበሉ የነበሩ፣ ሥራቸውን እንዳያጡ ሲሉ ለወራት በስልክ ብቻ ሲያዩት ከረሙ። በኅዳር 2021 ለተከተቡት በአውቶቡስ መሻገር ተፈቀደ፤ መንገዱ በሰፊው የተከፈተው በሚያዝያ 1 ቀን 2022 ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከተሻገሩት ብዙዎቹ ወደ መዝናኛው ሳይሆን ወደ አያትና ወደ ልጅ ቤት የሚጣደፉ ነበሩ።

ወደ መመለሻው እንምጣ። ማታ ሁሉም በአንድ ሰዓት ስለሚነሣ ሰልፉ ከጠዋቱ አያንስም። ስለዚህ ልጆቹን ማዶ ራት አብልቶ፣ የሌሊት ልብሳቸውን አልብሶ መነሣት የለመዱ እናቶች ዘዴ ነው፤ መኪናው ውስጥ ቢያንቀላፉ ቤት ሲደርሱ በቀጥታ ወደ አልጋ ነው። ከመነሣታችሁ በፊት ግን የልጆቹን ኪስ ፈትሹ። ማስቲካ ወደ ሲንጋፖር ማስገባት ከ1992 ጀምሮ የተከለከለ ነው፤ ልጅ ደግሞ ማዶ ከሚገዛው ሁሉ መጀመሪያ የሚገዛው ማስቲካ ነው።