ያውቁ ኖሯል? አንዱ ዘፈን በልዩ ልዩ መልኩ
በደብረ ብርሃንና በአንኮበር ሠርግ ቤት መሰንቆውን ለሚገዘግዝ አዝማሪ ትዝታ እንደ ዕድምተኛው ፈቃድ የሚረዝም ዜማ ሲሆን፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚሽከረከረው ትንሹ ሸክላ ግን በአንድ ገጹ ከ5 ደቂቃ እምብዛም አያልፍም፤ ድምፃዊው ጌታቸው ካሣም በ1960ዎቹ ዝግተኛውንና ፈጣኑን ትዝታ ለየብቻ አስቀረጸ፤ ያማረ ብልኃት ነው። በባሕር ማዶ፣ ዶርስ የተባለው የሮክ ባንድ በ1967 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ላይት ማይ ፋየር» በአልበሙ 7 ደቂቃ ያህል ሲፈጅ፣ ለነጠላው ሸክላና ለሬዲዮ ሲባል የኦርጋኑና የጊታሩ ረጅም ጨዋታ ተቆርጦ 3 ደቂቃ ገደማ ቀረ፤ የዘፈኑ ውበት ያለው ግን በተቆረጠው ላይ ነበር። ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ አንዱን ዜማ ቁም፣ ዝማሜና መረግድ በተባሉት ስልቶች አድርሰው ጽፋት በተባለው ሲያፋጥኑት ከበሮውና ጸናጽሉ ይጣደፋሉ እንጂ ቃሉ አይቆረጥም።