በር የሚቧጥረው ውሻ ምን ሆኖ ነው?

ውሻ ብቻውን ቤት ሲቀር በር የሚቧጥረው፣ ትራስ የሚቦጫጭቀውና ምንጣፍ ላይ የሚሸናው ባለቤቱን ለመበቀል አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ የእንስሳት ሐኪም ስለሆንኩ ይህን ደጋግሜ መናገር ሥራዬ ሆኗል። ወደ ክሊኒካችን የሚመጣው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ፍርዱን ጨርሶ ነው የሚመጣው። «ዶክተር፣ እልኸኛ ነው እኮ! ጥዬው ስወጣ ይናደድና ሆን ብሎ ነው የሚያበላሸው» ይሉኛል። «ጥፋቱንም ያውቃል፤ ገና በሩን ስከፍት አንገቱን ደፍቶ ይሸሸጋል።»

አንገቱን መድፋቱ እውነት ነው። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ኒው ዮርክ በሚገኘው ባርናርድ ኮሌጅ የውሻን ጠባይ የምታጠናው አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ በ2009 እ.ኤ.አ. አንድ ቀላል ሙከራ አሳትማለች። ውሻው እንዳይበላ የተከለከለው ምግብ ፊቱ ይቀመጥና ባለቤቱ ከክፍሉ ይወጣል። ሲመለስ ውሻው በላ ወይም አልበላም ተብሎ ይነገረዋል፤ የሚነገረው ነገር ግን ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ያ ሁላችንም የምናውቀው የጥፋተኛ መልክ የታየው ባጠፋው ውሻ ላይ ሳይሆን ባለቤቱ በተቆጣው ውሻ ላይ ሆነ። ጭራሽ ምግቡን ሳይነኩ ቁጣ የደረሰባቸው ውሾች የባሰ ተሸማቀው ታዩ። ውሻው የሚያነበው የእኛን ፊትና ድምፅ ነው። ከሥራ ገብታችሁ የተቀደደ ትራስ ስታዩ ብትጮኹበት ወይም ብትመቱት፣ ከሰዓታት በፊት ከሠራው ነገር ጋር አያገናኘውም። የእናንተ መሄድ ሲያስፈራው የዋለ ውሻ አሁን መምጣታችሁንም መፍራት ይጀምራል።

ውሻ ከሰው ጋር መኖር የጀመረው ትናንት አይደለም። ጀርመን ውስጥ ቦን አጠገብ ኦበርካሰል በሚባል ቦታ በ1914 እ.ኤ.አ. ከአንድ ወንድና ከአንዲት ሴት ጋር የተቀበረ ቡችላ አፅም ተገኝቷል፤ ዕድሜው 14 ሺህ ዓመት ገደማ ይሆናል። ከዓመታት በኋላ ጥርሶቹ ሲመረመሩ ቡችላው ከመሞቱ በፊት በዲስቴምፐር በጠና ታሞ እንደነበረ ታወቀ። ይህን በሽታ የሚያክም ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ የሚያበላው፣ የሚያጠጣውና የሚያሞቀው ሰው ባይኖር ታሞ ለሳምንታት ባልቆየ ነበር። እንዲህ አብሮን የኖረን እንስሳ ነው እንግዲህ ዛሬ በሩን ቆልፈንበት ደህና ዋል የምንለው።

በእኛ ከተማ ይህ ችግር ጎልቶ የመጣው አኗኗራችን ስለተለወጠ ነው ብዬ አምናለሁ። ግቢ ውስጥ የሚኖር ውሻ ቀን ታስሮ ቢውልም ሰው አይርቀውም ነበር። አያት ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ልጆች ይራወጣሉ፣ እህል ይሰጣል፣ ጎረቤት ይገባል ይወጣል። አሁን ውሻው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለቤቱ ሰርቪስ እንዳያመልጠው በማለዳ ይወጣና ከመሸ ይመለሳል። መሃሉን ውሻው ከአራት ግድግዳ ጋር ነው።

አያት ሠፈር ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምትኖር አንዲት ወጣት የባንክ ሠራተኛ ቡቺ የሚባል ውሻዋን ይዛ የመጣችው ጥፍሩ ተሰንጥቆ ነበር። የበሯ መቃን ተልጧል፤ ጎረቤት በጩኸቱ ተማሮ ለብሎኩ ኮሚቴ ከሷታል። ቁስሉን ካጠብኩለት በኋላ አሮጌ ስልኳን ከበሩ ትይዩ አስቀምጣ፣ ስትወጣ የሚሆነውን ቀርጻ እንድታመጣልኝ ጠየቅኳት።

ቪዲዮውን አብረን አየነው። ቁልፉ ከውጭ ሲዞር ቡቺ አፍንጫውን በበሩ ሥር ባለው ክፍተት ላይ ደቅኖ ቆሟል። አይንቀሳቀስም፤ ጆሮው ብቻ ደረጃውን የምትወርደውን ኮቴ ይከተላል። ኮቴው ሲጠፋ ማለክለክ ጀመረ፣ ቀኑ ሳይሞቅ። አንዴ ጮኸና ዝም ብሎ አዳመጠ። ወደ መስኮቱ ሮጠ፣ ተመለሰ፣ መቃኑን በእጀታው በኩል መቧጠር ጀመረ። ለሃጩ ደረቱ ላይ ይንጠባጠባል። ከዚያ አንገቱን ወደ ላይ ቀና አድርጎ አላዘነ። እኔን ከሁሉ በላይ የያዘኝ ግን ጥግ ላይ የነበረው ሳህን ነው። ልታባብለው ቀቅላ የተወችለት ሥጋ ሳይነካ ውሏል። ቡቺ ደግሞ ክሊኒክ ውስጥ እንኳ ምግብ ከእጄ የሚነጥቅ ውሻ ነው። በጣም የፈራ ውሻ አይበላም።

ልጅቷ ቪዲዮውን ሳታስጨርስ አለቀሰች። እስከዚያች ቀን ድረስ እልኸኛ ነው ብላ ትቆጣው ነበር።

ቪዲዮ መቅረጽ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ብቻውን መሆን የሚያስፈራው ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ጭንቀቱ የሚጀምረው ሰው በወጣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው፤ ጉዳቱም በበርና በመስኮት ዙሪያ ይበረታል። የሰለቸው ውሻ ግን መጀመሪያ ይተኛል፣ የሰጣችሁትን ይበላል፣ ቆይቶ ጫማ ፈልጎ ያኝካል። ለሱ መድኃኒቱ በቂ የእግር ጉዞና የሚያኝከው ነገር ነው። ቤት ውስጥ የሚሸናውም ሁሉ ፈርቶ አይደለም፤ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላልና መጀመሪያ ይመርመር። በክረምት ደግሞ ውሻውን ያስጨነቀው የእናንተ መሄድ ሳይሆን ነጎድጓዱ ሊሆን ይችላል።

ፍርሃት መሆኑ ከታወቀ በኋላ ያለው መንገድ ረጅም ነው፣ ግን ይሠራል። ሐሳቡ ውሻው ሊሸከመው የሚችለውን ያህል ብቻ ብቻውን እየሆነ፣ ሳይፈራ መመለሳችሁን እያየ እንዲለምድ ነው። ለቡቺ ያ መጠን በደቂቃ አይቆጠርም ነበር፤ በሴኮንድ ነው የጀመርነው። እንዲያውም ከበሩም በፊት ቁልፉ ነበር። ቁልፍ ሲንኳኳ ብቻ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ማታ ማታ ቁልፏን አንስታ ሶፋ ላይ እንድትቀመጥ፣ ጫማዋን አድርጋ ወጥ እንድትሠራ፣ ቦርሳዋን አንግታ ቴሌቪዥን እንድታይ ነገርኳት። ቁልፍ ማንሳት መሄድ ማለት መሆኑ ሲቀር፣ በሩን ከፍቶ መዝጋት መጣ። ከዚያ ወጥቶ ወዲያው መግባት። ከዚያ እስከ ደረጃው መጀመሪያ። ስልኩን በቴሌግራም ቪዲዮ ከፍታ ትወጣና ደረጃው ላይ ቆማ ታየዋለች። ማለክለክ ወይም ወዲያ ወዲህ ማለት ከጀመረ ያን ቀን አብዝታበታለች ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ትቀንሳለች። ጊዜውም እያደገ ብቻ መሄድ የለበትም፤ ከረጅሙ በኋላ አጭር ይምጣ። ሁልጊዜ የሚጨምር ከሆነ ውሻው እየከበደ እንደሚሄድ ይነቃበታል። ግማሽ ሰዓቱን ተረጋግቶ ማለፍ ሲጀምር ግን እርምጃው ይረዝማል። ሲወጡም ሲገቡም ግርግር አያስፈልግም፤ ረጋ ብሎ ሰላም ማለት ይበቃል።

ከባዱ ነገር ልምምዱ እስኪያልቅ ውሻው በሌላ ሰዓት እንዳይሸበር ማድረግ ነው። ማታ በትንሽ በትንሹ ያስተማራችሁትን ቀኑን ሙሉ የሚዘልቅ ጩኸት ያፈርሰዋል። እዚህ ላይ የእኛ አኗኗር ጥቅም አለው፤ ሰው አለን። በልምምዱ ጊዜ ቡቺ ቀን ቀን ይውል የነበረው አንደኛ ፎቅ ካሉ ጡረታ የወጡ እናት ጋር ነው። በጩኸቱ ከከሰሷት ጎረቤቶች አንዷ እሳቸው ነበሩ። ልጅቷ ቪዲዮውን ስታሳያቸው «ውይ የኔ ልጅ፣ ለካ ፈርቶ ነው!» ብለው ራሳቸው እዚህ ይዋል አሉ። እኔ ከዚያ ወዲህ ለጎረቤት ቪዲዮውን አሳዩ እላለሁ፤ ከይቅርታ ይልቅ እሱ ይሠራል።

ሰዎች ደጋግመው የሚሞክሯቸው፣ እኔ ግን የማልመክራቸው ነገሮች አሉ። «ይጮህ ይጮህና ይለምደዋል» የሚለው ከሁሉም የከፋው ነው፤ በሽብር ውስጥ ያለ ውሻ የሚለምደው መሸበርን ነው። መታጠቢያ ቤት መቆለፍ፣ በአጭር ሰንሰለት ማሰር፣ የብረት ሳጥን ውስጥ መዝጋት ለእንዲህ ዓይነቱ ውሻ አደጋ ነው፤ ለመውጣት ሲታገል ጥርሱን የሚሰብር አለ። ጓደኛ ይሁነው ብሎ ሁለተኛ ውሻ ማምጣትም ብዙ ጊዜ አያድንም። የሚናፍቀው ሰውን ነውና፣ አሁን ሁለት ውሻ ይኖራችኋል፤ አንዱ እንደ በፊቱ እየጮኸ። ሬዲዮ መክፈት ከውጭ የሚመጣውን ድምፅ ይሸፍናል፣ ብቻውን ግን ፍርሃት አያክምም።

ጠዋት ከመውጣታችሁ በፊት ሽርሽር አውጡት፤ ሳትጎትቱት እንደልቡ እያሸተተ ይሂድ። ማሽተት ውሻን ያደክመዋል፣ ያረጋጋዋልም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ ጊዜ እንዳያልፍበት ግን አደራ፤ ሠፈራችን ባለቤት የሌላቸው ውሾች ያሉበት ነው። ብቻውን ሲሆን ምግብ መፈለጊያ ሥራ መስጠት ጥሩ ነው። ውስጡ ክፍት የሆነ የላስቲክ መጫወቻ ከሌላችሁ አሮጌ ፎጣ ውስጥ ቁርጥራጭ የተቀቀለ ጉበት ጠቅልላችሁ ስጡት፤ ፎጣ ቀዶ የሚውጥ ውሻ ከሆነ ግን ይቅርበት። ከወጥ የተረፈ አትስጡ፤ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያጠፋል። የበሰለ አጥንትም ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል። ይህን የምለው በዓል ባለፈ ቁጥር እነዚህ ውሾች ወደኛ ስለሚመጡ ነው።

አንዳንድ ውሻ ደግሞ ጭንቀቱ ከመብዛቱ የተነሣ መማር አይችልም። ለነዚህ መድኃኒት አለ። ክሎሚፕራሚን በ1998፣ ፍሉኦክሰቲን በ2007 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በተለይ ለዚህ የውሻ ችግር ተፈቅደዋል፤ ሁለቱም ከልምምዱ ጋር አብረው እንዲሰጡ። የሚያስተኙ አይደሉም፤ በደንብ መሥራት ለመጀመር ሳምንታት ይፈጃሉ። መጠኑን የሚወስነው ሐኪም ነው፤ ቤት ያለ የሰው ክኒን ቆርሶ መስጠት ሊገድለው ይችላል። የሚያደነዝዝ መርፌ ወግታችሁ ስጡኝ የሚል ሰውም ይመጣል። ሰውነቱ ይተኛል እንጂ ፍርሃቱ አይተኛም፤ እኔ አልሰጥም።

ቡቺ አሁን ግማሽ ቀን ብቻውን ተኝቶ ይውላል። ሙሉ ቀን ግን አልደረሰም፤ እንዲደርስም አልገፋንም። ስዊድን ውስጥ ቤት ውስጥ የሚኖር ውሻ ቀን ቀን ቢያንስ በየ6 ሰዓቱ እንዲወጣ በውሻ አያያዝ መመሪያ ላይ ተጽፏል፤ ለእኛም ደህና መለኪያ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ እኚያ እናት ወጥተው ከፍተው ያናፍሱታል።

ቡችላ ልትወስዱ ያሰባችሁ ካላችሁ ሥራው ከዚህ ሁሉ ይቀላል። 8 ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ አትለዩት፤ መንገድ ዳር በካርቶን ይዘው የሚሸጧቸው ብዙዎቹ ከዚያ በታች ናቸው። ቤት ከገባበት ሳምንት ጀምሮ መታጠቢያ ቤት ስትገቡ በሩን ዝጉ፣ ልብስ ልታሰጡ ስትወጡ ትታችሁት ውጡ፣ ሳያለቅስ ተመለሱ። ሽንቱን መያዝ የሚችለው በዕድሜው ወር ልክ በግምት አንድ አንድ ሰዓት ነው፤ የ3 ወር ቡችላ ከ3 ሰዓት በላይ አይጠበቅበትም። ቀን ቤት ውስጥ ማንም የማይኖር ከሆነ፣ ቡችላው ከመምጣቱ በፊት ምሳ ሰዓት ላይ በሩን የሚከፍትለት ሰው ይገኝ።