ክረምቱን አዳሪ ሆነው የሚማሩ ልጆች

ጦርነቱ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሳይበትነን በፊት ካርቱም አል-ሳሃፋ የኖራችሁ ታውቁታላችሁ፤ በአንድ ክፍል ስድስት ሰባት ሆነን ነበር የምናድረው። የጎረቤታችን ልጅ ሒሳቡን የሚሠራው እናቱ ሻይ ከምትሸጥበት አግዳሚ ላይ ነበር። ጎበዝ ነው፣ ግን ማን አይቶት?

ይህን ልጅ ያስታወሰኝ አዲስ አበባ ውስጥ የሚሰጠው «አዲስ ኮደር» የተባለ የክረምት ትምህርት ነው። በ2003 ዓ.ም. የጀመሩት ጀላኒ ኔልሰን እናታቸው ኢትዮጵያዊት ናቸው። ያኔ ገና ዶክትሬታቸውን ኤም.አይ.ቲ. መጨረሳቸው ነበር፤ ዛሬ በርክሊ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ናቸው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ለአራት ሳምንት ያለ ምንም ክፍያ የኮምፒዩተር ፕሮግራም አጻጻፍ ይማራሉ። ብዙዎቹ ከዚያ በፊት አንዲት መስመር እንኳን ጽፈው አያውቁም።

እኔን የገረመኝ ግን ማደሪያው ነው። ትምህርቱ ነጻ ቢሆንስ፣ አዲስ አበባ ዘመድ የሌለው የገጠር ልጅ የት ያድራል? ምን ይበላል? በኋላ ላይ ከየክልሉ የሚመጡትን አንድ ግቢ ውስጥ ማሳደርና መመገብ ሲጀመር በሩ ለእነሱም ተከፈተ። ቋንቋው የተለያየ ልጅ አብሮ ይበላል፣ አብሮ ያድራል፣ ቀን ያቃተውን ማታ ጓደኛውን ይጠይቃል። ከእነዚህ መካከል ሃርቫርድና ኤም.አይ.ቲ. የገቡ አሉ።

የጎረቤቴ ልጅ በቀደም ደውሎልኝ ነበር፤ ገዳሪፍ ነኝ አለ። «ሒሳቡስ?» አልኩት። «ደብተር ካገኘሁ እሠራለሁ» አለኝ።