ሳይፈለግ የሚገኘው፦ የላቲኖዎች አንጎል በኤምአርአይ ሲታይ

ምንም የማያመው ሰው ለምርምር ብሎ ኤምአርአይ ማሽን ውስጥ ሲገባ፣ ባለሙያው ያልፈለገውን ነገር የማግኘቱ ዕድል ብዙዎቻችን ከምንገምተው በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የታተመ ግምገማ የ16 ጥናቶችን ውጤት አሰባስቦ 19,559 ሰዎችን ሲመለከት፣ የነርቭ ሕመም ምልክት ከሌላቸው 37 ሰዎች በአንዱ አንጎል ያልታሰበ ነገር እንደሚገኝ አሰላ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በኔዘርላንድስ ሮተርዳም 2,000 ነዋሪዎች ሲመረመሩ 7.2 በመቶው ሳያውቁት ያለፋቸው የስትሮክ ጠባሳ ነበረባቸው፤ 1.8 በመቶው አኒዩሪዝም፣ ማለትም ግድግዳው ሳስቶ ያበጠ የደም ሥር፣ 1.6 በመቶው ደግሞ አደገኛ ያልሆነ ዕጢ ተገኘባቸው። ሁለቱ ጥናቶች የተራራቁት የመጀመሪያው የድምፅ አልባ ስትሮክን ጠባሳ ከቆጠራው ስላስወጣ ጭምር ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ገና ከመነሻው ምን እንደተቆጠረ ካልተነገረ ብዙም አይረባም። እኔ ግን ከዚህ የከበደ የሚመስለኝ ጥያቄ ማን ተቆጠረ የሚለው ነው። በምስል ላይ የሚታይ ነጥብ ትርጉም የሚያገኘው መሰል ጤነኞች ምን ያህሉ እንደሚሸከሙትና ከዓመታት በኋላ ምን እንደገጠማቸው ሲታወቅ ነው፤ ይህ መለኪያ ደግሞ በአብዛኛው የተሠራው በአውሮፓ ዝርያ ሰዎች ላይ ነው።

መለኪያው ለምን ያስፈልጋል፣ የተገኘውን ቶሎ ማከም አይሻልም ወይ የሚል ሰው ይኖራል። ሐሳቡ በመጀመሪያ እይታ ትክክል ይመስላል። ነገር ግን በ2003 የታተመው ዓለም አቀፍ የአኒዩሪዝም ጥናት ከዚያ በፊት የአንጎል ደም መፍሰስ ያላጋጠማቸውን ሰዎች ሲከታተል፣ በፊተኛው የአንጎል ደም ዝውውር ላይ ያሉ ከ7 ሚሊ ሜትር ያነሱ እብጠቶች በአምስት ዓመት ውስጥ አልፈነዱም። ትንንሾቹ ፈጽሞ አይፈነዱም ማለት አይደለም፤ ሆኖም ቀዶ ሕክምናው ራሱ የሚያመጣው ጉዳት ከዚህ አደጋ ጋር መመዘን አለበት። በትውልድ የሚመጣውን የደም ሥሮች መጠላለፍ የመረመረው አሩባ የተሰኘው ሙከራ የበለጠ አስደንጋጭ ነበር። ደም ፈስሶባቸው ከማያውቁ ሰዎች መካከል በመድኃኒት ብቻ ክትትል ከተደረገላቸው 10.1 በመቶዎቹ ስትሮክ ወይም ሞት ሲገጥማቸው፣ በጣልቃ ገብ ሕክምናው በኩል ቁጥሩ 30.7 በመቶ ስለደረሰ ሙከራው በ2013 ቀድሞ እንዲቆም ተደረገ። የክትትሉ ዘመን አጭር ነው ተብሎ መተቸቱ አግባብ ነው። ቢሆንም «የተገኘ ሁሉ ይወገድ» ለሚለው ስሜት በቂ መልስ ይመስለኛል።

ለላቲኖዎች ይህን መለኪያ ለመሥራት የሚረዳ ጥናት አለ፤ አሜሪካ ውስጥ ከ2008 እስከ 2011 በብሮንክስ፣ በቺካጎ፣ በማያሚና በሳንዲያጎ 16,415 የሂስፓኒክና የላቲኖ (የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው) ማኅበረሰብ አባላት የተመዘገቡበት ታላቅ የጤና ጥናት ተጀመረ። በኋላም የአንጎልን እርጅና የሚመረምር ክፍልና የኤምአርአይ ምርመራ ተጨመረበት። ይህ ጥናት የሚያስፈልገው ላቲኖዎች የተለየ አንጎል ስላላቸው አይደለም። የሚሸከሙት የበሽታ መነሻ ስለሚለያይ ነው፤ ያውም እርስ በርሳቸው። በዚሁ ጥናት የስኳር በሽታ ስርጭት የደቡብ አሜሪካ ዝርያ ባላቸው 10.2 በመቶ ሲሆን፣ የሜክሲኮ ዝርያ ባላቸው 18.3 በመቶ ነው። ስኳርና የደም ግፊት ትንንሾቹን የአንጎል ደም ሥሮች ቀስ በቀስ ስለሚጎዱ፣ «ላቲኖ» ብሎ አንድ አማካይ ማውጣት እውነቱን ከመግለጥ ይልቅ ሊሸፍነው ይችላል።

ልዩነቱ ፍንትው ብሎ የሚታይባቸው ሁለት ምሳሌዎች አሉ። የመጀመሪያው ካቨርኖማ ነው፤ ስስ ግድግዳ ያላቸው ጥቃቅን የደም ቧንቧዎች እንደ እንጆሪ ፍሬ ተሰባስበው የሚፈጥሩት እብጠት። በ2009ኙ ግምገማ ከ625 ሰዎች በአንዱ ላይ ብቻ ታይቷል። በኒው ሜክሲኮ ግን ከቀደምት ስፔናዊ ሰፋሪዎች በወረደ፣ ኬአርአይቲ1 በተባለው ጂን ላይ ባለ አንድ የጋራ ለውጥ የተነሳ በዘር ሲተላለፍ ኖሯል። እዚያ በአንጎሉ ብዙ ካቨርኖማ የተገኘበት ሰው ዜናው የእሱ ብቻ አይደለም፤ ልጆቹ ጂኑን የመውረስ ዕድላቸው ግማሽ በግማሽ ነው። ሁለተኛው ምሳሌ የአሳማ ኮሶ ትል ነው። በላቲን አሜሪካ ትሉ በሚበዛባቸው መንደሮች በሲቲ ስካን ሲታይ ከነዋሪው ከ10 እስከ 20 በመቶው አንጎል ውስጥ ሞተው ወደ ድንጋይነት የተለወጡ የእጭ ቅሪቶች ይገኛሉ፤ አብዛኞቹ ሰዎች ምንም አልታመሙም። ለእኛ አንባቢ አንድ ነገር መግለጽ ያስፈልጋል፦ ከጥሬ የበሬ ሥጋ የሚይዘን የተለመደው ኮሶ ይህን አያደርግም። የአሳማው ትል ወደ አንጎል የሚደርሰውም አሳማ በመብላት ሳይሆን፣ ትሉን ከያዘ ሰው ዓይነ ምድር የወጣ እንቁላል በምግብ ወይም በእጅ ወደ አፍ ሲገባ ነው። በ1992 አሳማ የማይቀምሱ የኒው ዮርክ ኦርቶዶክስ አይሁዶች በዚሁ በሽታ መያዛቸው የተዘገበውም ለዚህ ነው። ደግሞም ድንጋይ የሆነውን ቅሪት ሲቲ ስካን አጥርቶ ሲያሳይ ኤምአርአይ በቀላሉ ያልፈዋል። ኤምአርአይን ብቻ የሚጠቀም ጥናት እንግዲህ የሚገኘውን ሁሉ ቆጠርኩ ሊል አይችልም።

እዚህ ላይ የሚነሳው ከባዱ ተቃውሞ ሰውን በዘር ከፋፍሎ መድኃኒት ማዘዝ ወደ አደገኛ መንገድ ይወስዳል የሚለው ነው። ተቃውሞው መሠረት አለው፤ የሕክምና ታሪክ በዚህ ረገድ ንጹሕ አይደለም። ይሁንና ከላይ ያሉት ምሳሌዎች ወደ ተቃራኒው ይገፋሉ። ለሐኪሙ የሚጠቅመው «ሂስፓኒክ» የሚለው ሣጥን ሳይሆን የትውልድ መንደሩ፣ የቤተሰቡ ታሪክ፣ የደም ግፊቱ ልክ ነው። የኩባ ተወላጁ ማያሚ ላይ፣ የገጠር ጓቲማላ ተወላጇ ቺካጎ ላይ አንድ ዓይነት ነጥብ ቢታይባቸው፣ የሚጠረጠረው ነገር አንድ ላይሆን ይችላል።

እንግዲያውስ የማይታከም ከሆነ ለሰውየው ባይነገረውስ? ይህን አልቀበልም፤ ድምፅ አልባው ስትሮክ ብቻ ሐሳቡን ያፈርሰዋል። በ2003 የሮተርዳም ተመራማሪዎች እንዳሳዩት እንዲህ ያለ ጠባሳ ያለባቸው አረጋውያን የመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ከእጥፍ በላይ ነው፤ የደም ግፊትን መቆጣጠር ደግሞ ቀጣዩን ስትሮክ ይከላከላል። ዝምታ እዚህ ላይ ጉዳት ነው። ችግሩ ያለው ከመነገሩ በኋላ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከነጮች ይልቅ በላቲኖዎች ዘንድ የጤና መድን የሌላቸው እጅግ ይበዛሉ፤ የ2010ሩ የጤና ሕግ ደግሞ ሰነድ አልባ ስደተኞች በመንግሥት የመድን ገበያ እንዲገዙ አልፈቀደላቸውም። «ልዩ ሐኪም ያማክሩ» የሚል ደብዳቤ ለመድን ባለቤት ምክር ሲሆን፣ ለሌላው እንቅልፍ የሚነሳ ዕዳ ነው። የደም ግፊትን መለካትና መድኃኒት መጀመር የመክፈል አቅም ሳይጠይቁ በሚቀበሉ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች ይቻላል። ትንሽ አኒዩሪዝምን በየጊዜው በምስል መከታተል ግን በእነዚያ ጣቢያዎች አቅም የሚሸፈን አይደለም፤ ስለዚህ የክትትሉ ወጪ የመጀመሪያው ምስል ከመነሳቱ በፊት በጥናቱ በጀት ውስጥ መግባት አለበት።