አንገት ለአንገት የተባለ ምርጫ ለምን በአንድ ወገን ያልቃል?

በእ.ኤ.አ. 2024 የአሜሪካ ምርጫ ዋዜማ፣ በምርጫ ትንበያው የሚታወቀው ኔት ሲልቨር በኮምፒውተሩ ላይ ምርጫውን 80 ሺህ ጊዜ አካሄደው። ካማላ ሃሪስ ያሸነፉት 40,012 ጊዜ ነበር፤ ከግማሹ የሚበልጠው በ12 ብቻ ነው። ድምፁ ተቆጥሮ ሲያልቅ ግን ዶናልድ ትራምፕ ሰባቱንም ወሳኝ ግዛቶች ጠራርገው ወሰዱ፤ በወኪል መራጮች (ኤሌክቶራል ኮሌጅ) ድምፅ 312 ለ226። «ትንበያው ከሸፈ» የሚል ወሬ ወዲያው ተናኘ። እኔ በዚህ አልስማማም። አልከሸፈም።

ከቁጥሩ እንነሳ። አንድ የሕዝብ አስተያየት ጥናት 1,000 ያህል ሰው በዕጣ መርጦ ቢጠይቅ፣ የአንድ ዕጩ ድርሻ ወደ ላይም ወደ ታችም በ3 ነጥብ ያህል ሊዛባ ይችላል። ከአንዱ የተቀነሰው ለሌላው ስለሚደመር፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ላይ ስህተቱ ወደ 6 ነጥብ ይጠጋል። ስለዚህ «እገሌ 48 ለ47 እየመራ ነው» የሚለው ዜና ማን እንደሚመራ አልነገረንም። ይህን የመሰለ አርዕስት ባየሁ ቁጥር እበሳጫለሁ፤ አንባቢው ያላወቀውን ነገር ያወቀ እንዲመስለው ያደርጋልና።

ናሙናውን ማብዛት ይረዳል፤ ስህተቱን በግማሽ ለመቀነስ ግን አራት እጥፍ ሰው መጠየቅ ይኖርብናል። ደግሞም ብዛት ብቻውን አያድንም። በ1936 «ሊተራሪ ዳይጀስት» የተባለው መጽሔት 10 ሚሊዮን መጠይቅ በፖስታ ልኮ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰበሰበ፤ በፕሬዚዳንታዊው ምርጫ አልፍ ላንደን ያሸንፋሉ አለ። ተፎካካሪያቸው ሩዝቬልት ግን ከ48 ግዛቶች 46ቱን ወሰዱ። መጽሔቱ አድራሻ የለቀመው በአብዛኛው ከስልክና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር፤ በዚያ የችግር ዘመን ስልክና መኪና ያለው ማን እንደነበር መገመት አይከብድም። መልስ የመለሱትም ካልመለሱት የተለዩ ነበሩ።

ዛሬም ትልቁ ራስ ምታት ይኸው ነው። ፒው የተባለው የጥናት ተቋም በ1997 ከደወለላቸው 100 ሰዎች 36ቱ ይመልሱለት ነበር፤ በ2018 ግን 6 ብቻ ቀሩ። ችግሩ የማያነሱት ከሚያነሱት የተለየ ሐሳብ ሲኖራቸው ነው። በ2016 ኮሌጅ የጨረሱ ሰዎች ለጥያቄ ፈቃደኛ ሆነው ሲበዙ፣ ብዙ የግዛት ጥናቶች ይህን ሳያስተካክሉ አለፉት። ሚሺጋን፣ ዊስኮንሲንና ፔንሲልቬንያ ለሂላሪ ክሊንተን የተረጋገጡ መሰሉ። ትራምፕ ሦስቱንም አሸነፉ፤ ሦስቱ ላይ የበለጡበት ድምፅ ተደምሮ 80 ሺህ አይሞላም።

እንዲህ ያለ ስህተት አንድ ግዛት ላይ ብቻ አይወሰንም። የነጋዴ ሚዛን ከተዛባ ለአንድ ገበያተኛ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ያጎድላል። ፔንሲልቬንያ ውስጥ ስልክ የማያነሳው ዓይነት ሰው ጆርጂያም ኔቫዳም አለ (ሁለቱ፣ አትላንታና ላስ ቬጋስ ያሉ ወገኖቻችን ድምፅ የሚሰጡባቸው ግዛቶች፣ ከሰባቱ መካከል ናቸው)። ግዛቶቹ እርስ በርስ የማይገናኙ እንደ ሳንቲም ውርወራ ቢሆኑ ኖሮ፣ አንዱ ዕጩ ሰባቱንም የመጠቅለሉ ዕድል ከ64 አንድ በሆነ ነበር። ጥናቶቹ የሚሳሳቱት አብረው ስለሆነ ግን፣ በሲልቨር ስሌት ሰባቱም ለአንድ ሰው የሚሄዱበት ውጤት ደጋግሞ ይወጣ ነበር። ሃምሳ ሃምሳ ማለት ማን እንደሚያሸንፍ አናውቅም ማለት ነው፤ ልዩነቱ ጠባብ ይሆናል ማለት አይደለም።

ልዩነቱ በእርግጥም ጠባብ ሲሆን ደግሞ የናሙና ሳይንስ አቅሙ ያልቃል። በ2000 ፍሎሪዳ ላይ ቴሌቪዥኖች ማምሻውን አል ጎር አሸነፉ አሉ፤ ቃላቸውን አጠፉ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ጆርጅ ቡሽ አሉ፤ እሱንም መልሰው አነሱት። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ታኅሣሥ ላይ 5 ለ4 በሆነ ውሳኔ ድጋሚ ቆጠራው ቆመ። ልዩነቱ ከ6 ሚሊዮን ገደማ ድምፅ 537 ነበር። በተለመደው ቀመር ይህን የሚለይ ናሙና ከግዛቷ ሕዝብ በብዙ እጥፍ መብለጥ ነበረበት። ፓልም ቢች በተባለው አውራጃ ደግሞ የድምፅ መስጫ ወረቀቱ አሠራር መራጩን ግራ አጋባ፤ ጎርን ሊመርጡ ገብተው ለሌላው ዕጩ ለፓት ቡካናን ወረቀቱን የበሱ ሰዎች ከ2,000 እንደሚበልጡ የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪዎች በኋላ አስልተዋል። ከምርጫው በፊት እነዚህን ሰዎች የጠየቀ ጥናት ቢኖር፣ ሁሉም «ጎርን» ብለው በመለሱለት ነበር።