ሁለት የትምህርት ጓደኞች ያሻሻጡት ጋዜጣ

ነጋዴ ዕቃውን ሲያመሰግን ሰሚው ልቡን ቈጠብ ማድረጉ የታወቀ ነው። «ማሬ ንጹሕ አይደለም» የሚል ማር ሻጭ ከቶ አይገኝምና። ሻጩ ዝም ብሎ በእንጨት ጫፍ ያቀመሰ እንደ ሆነ ግን ገዢው ራሱ ምስክር ይሆናል። ሸቀጡ በኢሜይል በሚታወጅበት በዛሬው ጊዜ ደግሞ ለቅምሻ የሚቀርበው ቃል ብቻ ነው። ታዲያ በቃል ብቻ እንዴት መታመን ይቻላል?

በዚህ ነገር ከኢሜይል በፊት በፖስታ ይላክ የነበረ አንድ የአሜሪካ ደብዳቤ ብዙ ያስተምራል። ማርቲን ኮንሮይ የተባለው የማስታወቂያ ጸሐፊ ለዎል ስትሪት ጆርናል ጋዜጣ የጻፈው ሲሆን፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1975 እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ፣ ማለት 28 ዓመት ያህል፣ ጥቂት ብቻ እየተለወጠ ሲሠራበት ኖሯል። ይህን ያህል ዕድሜ ያገኘ የማስታወቂያ ደብዳቤ እምብዛም የለም።

ደብዳቤው የሚጀምረው በወሬ ነው። ሁለት ወጣቶች ከአንድ ኮሌጅ በአንድ ቀን ይመረቃሉ። በትምህርታቸውም በጠባያቸውም ተመሳሳይ ናቸው። ከ25 ዓመት በኋላ ወደ ኮሌጃቸው ለበዓል ሲመለሱ አሁንም ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ትዳራቸው የሠመረ፣ ሁለቱም የሦስት ልጆች አባት፣ እንጀራቸውም ከአንድ ኩባንያ ነው። ነገር ግን አንደኛው የአንዲት ትንሽ ክፍል ኀላፊ ሲሆን ሁለተኛው የኩባንያው ፕሬዚዳንት ነው። ይህን ያነበበ ወጣት ጸሐፊ «እኔስ የትኛውን እሆን ይሆን?» ሳይል ደብዳቤውን ከቅርጫት አይጥለውም።

ልብ ይባል! እስከዚህ ድረስ የጋዜጣው ነገር በወሬው ውስጥ አልገባም። ኋላም ሲነሣ፣ ሁለቱን የለያቸው ዕውቀትና ዕውቀትን በሥራ ማዋል ነው ይላል እንጂ፣ ፕሬዚዳንቱ ጋዜጣውን ያነብ ነበር የሚል ቃል አይገኝበትም። ይህን የሚጨምረው አንባቢው ነው። ብልኀት ነው፤ በእኔ አስተያየት ግን ጥቂት ተንኰልም አለበት። ሰዎቹ ስም የላቸውም፣ ኩባንያውም ስም የለውምና፣ ሄዶ መጠየቅ አይቻልም።

ከወሬው ይልቅ እኔን የሚማርከኝ ወደ ፍጻሜው ያለው ነው። ጸሐፊው ጋዜጣውን ማንበብ የጀመረ ሁሉ ወዲያው ይሳካለታል ብሎ ተስፋ እንደማይሰጥ በግልጽ ይናገራል፤ ጋዜጣውን ያልወደደም ሰው ላልደረሰው ቅጂ ገንዘቡ እንደሚመለስለት ያስታውቃል። የማይችለውን «አልችልም» ያለ ሻጭ፣ እችላለሁ ባለው ነገር ይታመናል።

በኢሜይል የሚመጡት ማስታወቂያዎች ብዙዎቹ የዚህ ተቃራኒ ናቸው። አንድ ሰው በሦስት ወር እንደ ከበረ ይናገራሉ፤ የቀሩት ደንበኞች ምን እንደ ደረሱ ግን አይነገርም። በአሜሪካ እስከ 2009 ዓ.ም. ድረስ በእንዲህ ያለው ማስታወቂያ ግርጌ ውጤቱ ለሁሉም አንድ አለመሆኑን መጻፍ ይበቃ ነበር። በዚያ ዓመት የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን መመሪያውን ለውጦ፣ ደንበኞች በአብዛኛው የሚያገኙት ውጤት በግልጽ እንዲነገር አዘዘ። በ2024 ደግሞ የሐሰት ምስክርነት መፍጠርን፣ መግዛትንና መሸጥን የሚከለክል ደንብ አወጣ፤ ዐውቆ የጣሰውም የገንዘብ ቅጣት ያገኘዋል።

እንግዲህ የሒሳብ መዝገብ ሥራ የጀመረ አንድ ወጣት ለባለሱቆች ኢሜይል ይጽፋል እንበል። «አያሌ ደንበኞች ረክተውብኛል» ቢል ማንም አይሰማውም። ነገር ግን አንድ ባለሱቅ የስድስት ወር ደረሰኝ በካርቶን ተሸክሞ እንደ መጣ፣ ሒሳቡ በ11 ቀን እንደ ተስተካከለ፣ ሁለት ደረሰኝ ግን ተፈልጎ እንዳልተገኘ ቢጽፍ፣ እነዚያ ሁለት የጠፉ ደረሰኞች ከምስጋና ሁሉ ይበልጥ ያሳምኑለታል። ይህንኑ ወሬ ደረሰኝ ለማያውቅ ተማሪ ቢልከው ግን ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ ይሆናል። የባለሱቁንም ስም ከመጥራቱ በፊት ፈቃዱን መጠየቅ አለበት። ባለሱቁ እሺ ካለና ስልክ ቍጥሩ እንዲሰጥ ከፈቀደ፣ ደብዳቤው የደረሰው ሰው ደውሎ ስለ ሁለቱ ደረሰኞች ሊጠይቀው ይችላል።